አንዲት ተሳታፊ ምስጋና አቅርበዋል

ያቺ ተሳታፊ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ራሴ! ምስጋናውን ያቀረብኩት ግን በእንቅልፍ ልቤ መሆን አለበት። ነቅቼ ያቀረብኩት ጥያቄ ነበራ።

ከሱቅ መግባቴ ነው። እራት አልበላሁም፣ ንዴቱ አላስበላኝም። ፊደል ብስት እለፉኝ። ሙሉ ቀን የሰው ማመልከቻ ስተይብ ውዬ ማታ የራሴን ብሶት ስተይብ ጣቴም ይታክተዋል።

የትናንቱን የቀበሌ ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ግማሻችሁ ነበራችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ ፈርማችሁ በጓሮ በር ውልቅ ብላችኋል፣ አይቻችኋለሁ። ብልጦች! "ሱቅ ዘግታችሁ ኑ፣ ያልተገኘ አገልግሎት እንዳይጠይቅ" ተባለ። ዘጋን። ጥሪው ለሁለት ሰዓት ነበር፣ አመራሩ የደረሱት አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እኛ በተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አልቀረው። መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የላስቲክ አበባ፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሃይላንድ። ከፊቴ የነበረችው ሴት ልጅ አዝላ ነበር። ያ ልጅ ዓይኑን ከሃይላንዱ አልነቅል አለ። "ውሃ፣ ውሃ" ሲል ሁሉም ይሰማል። አንዱ እንኳ "እንካ" ያለው የለም። ሲያልቅ ሃይላንዶቹ ሳይከፈቱ ተሰብስበው በመኪና ሄዱ።

ንግግሩን አልደግምላችሁም፣ በቃላችሁ ትሉታላችሁ። ሰላም፣ ልማት፣ መልካም አስተዳደር፣ ከዚያ መዋጮ። ሁሌም መጨረሻው መዋጮ ነው። "የቀበሌው ምክር ቤት ተወያይቶ አጽድቆታል፣ አሁን እናንተም ታጸድቁታላችሁ" ተባልን። ትጸድቃላችሁ ቢሉን ይሻል ነበር።

ከዚያ "መድረኩ የሕዝብ ነው" አሉ። ለሦስት ሰው ማለት ነው። ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት። የመጀመሪያው ተነስቶ መድረኩ ስለተዘጋጀ አመሰገነ። ሁለተኛው ተነስቶ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደሚጋራ ገልጾ አመሰገነ። ሰብሳቢው "ከሴቶችም ይደገፍ" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ይደገፍ ነው ያሉት፣ ይጠየቅ አላሉም። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። ነቅቼ ነው የተነሳሁት።

"መዋጮውን የቀበሌው ምክር ቤት አጽድቆታል ብላችኋል። ይህን ምክር ቤት የመረጥነው መቼ ነው?" አልኩ።

ጸጥ! ከኋላ አንዱ ሳቀና በሳል ሸፈነው።

"ጥያቄሽ አልገባኝም።"

"የቀበሌ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። 2010 ላይ አልቋል። ይራዘም ተባለ፣ ተራዘመ፣ በዚያው ቀረ። ታዲያ ያጸደቀው ማነው ለማለት ነው።"

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ጽሕፈትና ኮፒ።"

"ታዲያ ለምን ኮፒሽን አትሠሪም?"

መድረኩ ሳቀ። ምን መድረኩ ብቻ፣ አዳራሹም ሳቀ። የእኔው ደንበኞች ሳቁ! በቀደም ፎርም በነጻ የሞላሁላት ሴት፣ ስሟን አልጠራም፣ ጥርሷን ሁሉ አሳየችኝ።

"ስለዘጋችሁብኝ ነዋ!" አልኩ። ይቺን ስናገር ደስ ብሎኛል፣ አልደብቃችሁም።

ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። "ማነው የላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም። በግድ ያመጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።"

"ይሄ ጥያቄ ያንቺ አይደለም። ከጀርባው ያለውን እናውቃለን። የማን አጀንዳ እንደሆነም እናውቃለን።"

በዚህ ዘመን፣ በዚህ በእኛ አገር ጎጃም ውስጥ፣ አመራር ሕዝብ ፊት ይህን ሲልሽ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላብራራም። ወሬኛነቴ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ከጎኔ ያሉ አባት የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አደረጉና "ተቀመጪ ልጄ፣ ክፉ ቀን ነው" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ደግሞ ድል አድርገው "ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ" አሉኝ። ለእኔ! በዚህች ከተማ በጽሑፍ የሚቀርበውን ሁሉ የምጽፈው ማን ሆኖ ነው? "ጉዳዩ፡- አቤቱታ ስለማቅረብ" የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እተይበዋለሁ። መልስ የመጣለት ሰው ግን ሱቄ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ "የሚቃወም አለ?" ተባለ። እጄ ከጭኔ ሳይነሳ ጭብጨባው ቀደመኝ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

እስቲ በሙሉ ድምፅ የሚባለውን ነገር ተዉኝና ልናገር። 2007 ላይ አንድ ፓርቲ ከነአጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበር 547ቱንም አሸነፈ ተባልን። ትዝ ይላችኋል? እኛ ቤት አምስት ሰው ነን፣ ምሳው ሽሮ ይሁን ምስር ተስማምተን አናውቅም። ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ግን አንድ ወንበር እንኳ ሳይለያይ ተስማማ! ዓይን ያወጣ ውሸት መሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ 2010 ላይ ብዙዎቹ "እኛም ስንታገል ነበር" ብለው መጡ። አሁን ደግሞ እነዚያው መድረክ ላይ ሃይላንድ ይዘው ተቀምጠዋል። የለበሱትን ኮት ቀየሩ እንጂ ወንበራቸውን አልቀየሩም።

የ1997ቱን ሳስበው ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ልጅ ነበርኩ። ክርክሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ጎረቤት ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ እንደ ኳስ ጨዋታ ይከራከራል። እናቴ የምርጫው ዕለት ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ፀሐይ ስታቃጥላት ውላ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር። ግን ትስቃለች! ለማን እንደመረጠች ስንጠይቃት "የሆዴን እኔና እግዜር እናውቃለን" አለች። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከምርጫው በኋላ የተነሳውን ግጭት እንዲያጣራ ፓርላማው ያቋቋመው ኮሚሽን ራሱ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መዘገበ። እናቴ ከዚያ በኋላ ካርድ አወጣች፣ መረጠች፣ ግን እየሳቀች አልተመለሰችም።

ደግሞ 2010 ላይ እንደገና ተታለልን። ተታለልን ልበል? አላውቅም፣ እውነት ይመስል ነበር። ጋዜጠኛው ተፈታ፣ ተቃዋሚው ከውጭ ገባ፣ ያኔ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣልኝ ጋዜጣና መጽሔት እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም ነበር። ቆመው ያነባሉ፣ ሳይገዙ ይመልሳሉ፣ እናደዳለሁ፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በየዓመቱ በሚያወጣው የፕሬስ ነጻነት ዝርዝር ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2020 99ኛ ደርሳ ነበር። በ2024 141ኛ ሆናለች። እኔ ቁጥሩን ባላይም የጋዜጣ መደርደሪያዬን አይቼ እነግራችሁ ነበር። አሁን ደብተርና ማስቲካ ነው ያለበት።

2013 ሰኔ 14 እኔም ተሰልፌ መርጫለሁ። ለማን? እንደ እናቴ። ግን የመረጥነው ሰው የት ገባ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ 6 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። በ2015 ክረምት ግን የምክር ቤት አባል ሲታሰር አየን። የመረጥነው ሰው ራሱን ካላስጣለ ለእኔ ኮፒ ቤት ሊደርስልኝ ነው? በዚያው ሰሞን አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ስድስት ወር ተባለ፣ አራት ወር ተጨመረበት። ኢንተርኔት ድርግም። ውጤት ለማየት የመጣ ተማሪ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ የማደርገው ጠፍቶኝ ሻይ ገዛሁለት። አዋጁ አለቀ ተባለ። ልማዱ ግን አላለቀም። ሰው አሁንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ እቤቱም ቢሆን።

"ሕገ መንግሥት ከየት ታውቂያለሽ" የምትሉ ካላችሁ፣ ተማሪዎች ለአሳይመንት ኮፒ ያስደርጉኛል። ማሽኑ ወረቀት ሲይዝ ቆሜ አነበዋለሁ። አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ያነሳል ይላል። አንቀጽ 50 ንዑስ 4 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ዝቅተኛው እርከን ማለት ቀበሌ ነው እኮ! ትልቁን ምርጫ ተዉት። ውሃው፣ መታወቂያው፣ ቦታው፣ መዋጮው ያለው ቀበሌ ላይ ነው። እሱን ነው ከ2005 ወዲህ ሳንመርጥ የቀረነው። ያን ጊዜም ቢሆን አብዛኛው ተቃዋሚ አልተወዳደረም። ምርጫ ከተባለ እሱ ነው የመጨረሻው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ድምፁ ጎርንኖ እኔ ሱቅ እስክሪብቶ ይገዛል።

አያቴ ንጉሥ አልመረጠም። ግን 1960 ላይ የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን አንከፍልም ብሎ ሲነሳ፣ ከብዙ ደም በኋላም ቢሆን፣ ጃንሆይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከጎጃም አነሱ፣ ውዝፉንም ማሩ። አያቴ ይህን ሲያወራ ጢሙን እያሻሸ ነበር። የጃንሆይን ዘመን እየናፈቅኩ አይደለም፣ እንዳትሰድቡኝ። ግን መራጭ የሌለው ንጉሥ የሰማውን መራጭ አለኝ የሚል አመራር ካልሰማ ምን ይባላል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዛሬ ጠዋት የቀበሌው ጸሐፊ መጣ። የቀበሌው ፕሪንተር ተበላሽቷል። (መቼ ሠርቶ ያውቃል?) የትናንቱን ቃለ ጉባኤ በእጅ ጽፎ "ቶሎ ተይቢልኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይፈለጋል" አለኝ። ሥራ ነው፣ ተቀበልኩ። መተየብ ጀመርኩ። የስብሰባው ቦታ፣ ቀን፣ አጀንዳ... ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ "ከሴቶች ወገን አንዲት ተሳታፊ ለተሠሩት ሥራዎች ምስጋና አቅርበዋል" ይላል።

"አንተ፣ ይቺ ያመሰገነችው ማናት?"

አንገቱን ደፋ። "አንቺ ነሻ።"

"እኔ መቼ አመሰገንኩ?"

"እህት ዓለም፣ ታዲያ ምን ልጻፍ? ጥያቄ ተነሳ ብዬ ብልከው ይመልሱታል። ስም አምጣ ይሉኛል። ስምሽን ልስጥ?"

ዝም አልኩ። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቁታላችሁ፣ ደመወዙ በሰዓቱ አይመጣለትም፣ አራት ልጅ አለው። ሊያድነኝ ብሎ ነው ምስጋና ያደረገው! እስቲ ይህን ስሙ። በዚህች አገር ሰው እንዳይጎዳ የሚደረግለት ውለታ፣ ያልተናገረውን ምስጋና አፉ ውስጥ መጨመር ሆኗል።

ይባስ ብሎ ከጀርባ አባሪ አለው። በር ላይ "መገኘታችሁን ለማረጋገጥ ነው" ብለው ያስፈረሙን ወረቀት! አናቱ ላይ አሁን በእስክሪብቶ "ውሳኔውን ያጸደቁ ነዋሪዎች ስም ዝርዝር" የሚል ተጨምሮበታል። ስሜ አለበት። ፊርማዬ አለበት። እናንተ በጓሮ በር የወጣችሁት ብልጦችም አላችሁበት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ያ "ክፉ ቀን ነው" ያሉኝ አባት ደግሞ መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸው አለ፣ ሰማያዊው ቀለም ወደ ጎረቤት ስም ፈስሶ።

ተየብኩት። ሦስት ኮፒ አተምኩ። ሒሳብ ስለው "በዱቤ ያዢው፣ በጀት ሲለቀቅ" አለኝ። ከድሮው ዱቤ በታች ጻፍኩት። ያ የድሮው ዱቤ የምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ባለፈው ዓመት ያተምኩላቸው የመልካም አስተዳደር ፖስተር ነው። አሁንም ቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ የሐሳብ መስጫ ሳጥኑ አናት ላይ ተለጥፏል። ሳጥኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ሰኞም ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀሪ።" አጀንዳው ምንድን ነው ስለው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ፦ "በመጪው ምርጫ የሕዝቡን ዴሞክራሲያዊ ተሳትፎ ማጎልበት።" ሱቅ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። አሁንም ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት። በሉ ሴቶች፣ የዚህኛው ተራ የእናንተ ነው፣ እኔ አንዴ አመስግኛለሁ።