ብዙ የተጠቀሰችው አይጥ

ሰሞኑን ጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ስለ ኩላሊትና ሆርሞን የምርምር ንግግር አለ ተብለን ተጠራን። ንግግሩ አጭር ነበር። የተናጋሪው ማስተዋወቂያ ግን ረዘመ። መድረክ መሪው የሳይቴሽኑን ቁጥር፣ ማለትም ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ አጨበጨብን። ከዚያው ቁጥር የሚሰላውን ኤች-ኢንዴክሱን ሲጠራ ከኋላ አንዷ እልል አለች። ኩላሊቱ ላይ ምን እንደተገኘ እስከ ሻይ ሰዓት አልሰማንም። ከሻይ በኋላም አልሰማንም።

መቼም ታውቁታላችሁ። ፌስቡክ ሲከፈት ስክሪንሾቱ ይቀድማል። የሳይቴሽኑ ግራፍ ሽቅብ ወጥቷል፣ ከሥሩ «ሁሉን ላደረገ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው» ተጽፏል። «እንኳን ደስ ያለህ ዶክተርዬ» ይጎርፋል። «ምን አገኘህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም።

እኔም ለምስጋና ነው የመጣሁት። ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ኤች-ኢንዴክስ የሚባል መለኪያ ባያመጣልን ጽሑፎቹን ማንበብ ሊኖርብን ነበር። አሁን ተገላገልን። ኤች-ኢንዴክስህ 20 ከሆነ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉህ። አለቀ። ማን ጠቀሳቸው፣ ለምን ጠቀሳቸው ማለት ምቀኝነት ነው።

ደግሞ ቁጠባውን እዩልኝ። አይጦች ጨው የበዛበት ምግብ ተሰጣቸው፣ አልዶስትሮን የሚባለው፣ ኩላሊት ጨው እንዲይዝ የሚያደርገው ሆርሞናቸው ተለካ፣ ቀነሰ። ጨው ሲበዛ አልዶስትሮን እንደሚቀንስ መማሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፣ ግን ይሁን። የመጀመሪያው ጽሑፍ በግራ ኩላሊት ላይ ወጣ። ሁለተኛው በቀኙ ላይ። መደምደሚያው፦ ቀኙ ግራውን ይመስላል። ሦስተኛው ስለ ሴቶቹ አይጦች፣ አራተኛው ስለ ወንዶቹ። አምስተኛው የጠዋት ሽንት፣ ስድስተኛው የማታ ሽንት። ሰባተኛው ስድስቱን ዳሰሰ። ስምንተኛው ሰባቱን ዳስሶ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» አለ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ታላላቆቹን በሙሉ ጠቀሰ። እስኪ ቁጠሩት። የመጀመሪያው 7 ጊዜ ተጠቀሰ፣ ሁለተኛው 6፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛው 4። ኤች-ኢንዴክስ 4! በዓለም ላይ ሌላ ሰው አንዲት መስመር ሳያነብ! ጭራዋ ገና አልተነካም።

ከዚህ በላይ መውጣት የፈለገ ዕቁብ ይገባል። በዚህ ወር እኔ እናንተን እጠቅሳለሁ፣ በሚቀጥለው እናንተ እኔን። ዳኛው የክፍሉ ኃላፊ ነው። አይጧን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ ስሙ ግን በሁሉም ላይ አለ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደሙን በማሽን ማጣራት፣ ዲያሊስስ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ አንዱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከገጠር ለመጣ ገበሬ ይህ ማለት በሬ ሸጦ ከተማ ቤት መከራየት ነው። ኩላሊቱ ሳይደክም በፊት የደም ግፊቱን የለካለት የለም። ለምን አልተለካለትም ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ዓመታት ይፈጃል፣ ቀበሌ ለቀበሌ ያዞራል፣ ቁጥር ቶሎ አያመጣም። ስለዚህ ማንም አይነካውም። ሌሊቱን አይጥ ሲመዝን ያደረው የማስተርስ ተማሪ ስም ደግሞ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው፣ እሱም ካልተረሳ። ነውር ነው! በገዛ አገርህ ሰው ኩላሊት ላይ ነው የምትቆምረው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንድ የማዝንለት ሰው አለ፤ ቲገርስቴት የሚባል ፊንላንዳዊ። እ.ኤ.አ. በ1898 በታተመ ሥራው ስቶክሆልም ውስጥ ከበርግማን ጋር ሆኖ የጥንቸል ኩላሊት ጨመቀ። ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ሲሰጥ ግፊቷ ከፍ አለ። ግፊት የሚያነሳውን ነገር «ሬኒን» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ለዐሥርተ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ጎልድብላት የተባለ ተመራማሪ የውሻ ኩላሊት ደም ሥር አጥብቦ ግፊት ሲያስነሳ ነገሩ እንደገና ተነሳ። ዛሬ ለግፊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል የመጣው በዚሁ መስመር ነው። ሰውዬው ግን በዘመኑ ግራፍ አልነበረውም። እኛ ዘንድ ለማዕረግ ቢያመለክት እንዲህ የሚሆን ይመስለኛል።

«ፕሮፌሰር፣ ጥንቸሏን ለስንት ከፈሏት?»

«አልከፈልኳትም።»

«ግራና ቀኙንስ?»

«አንድ ላይ ነው የጻፍኩት።»

«በርግማን ማን ነው?»

«አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «የዲኑ ስምስ የት አለ?»