የስደተኛ ምግብ ርካሽ ይሁን ያለው ማን ነው?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች አንድ ልማድ አለን። ጣሊያን ቤት ገብተን ለአንድ ሰሃን ፓስታ 26 ዶላር ስንጠየቅ ካርዳችንን አውጥተን ዝም ብለን እንከፍላለን። ቪየትናሞች ቤት ገብተን ፎ 17 ዶላር ነው ሲሉን ግን "ለሾርባ?" እንላለን። ይቺን ነገር ከጓደኞቼም፣ ከዘመዶቼም፣ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ የት እንብላ ከሚሉ ሰዎችም ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። አልወዳትም። ከእኛ አፍ ስትወጣ ደግሞ የባሰ ታሳዝነኛለች፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው ስለ በያይነቱ የሚለውም ይህንኑ ነው። "ምስርና ጎመን ለዚህ ሁሉ ብር?" ሲባል ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን።

ፎ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። የበሬ አጥንቱ መጀመሪያ ይፈላና ያ ውሃ ይደፋል። ከዚያ በአዲስ ውሃ ይጣዳል፣ በትንሽ እሳት ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንድ ቤት ሌሊቱን ሙሉ፣ አረፋው ከላይ እየተገፈፈ ይንተከተካል። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ቆዳው እስኪጠቁር እሳት ላይ ይጠበሳል። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ድንብላሉ፣ ኮከብ የሚመስለው ስታር አኒስ፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነው ጥቁር ሄል ይታመሳል፣ ከዚያ ወደ ድስቱ ይገባል። ሲቀርብ ከሩዝ የተሠራው ኑድል ላይ ስስ ሆኖ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ይደረግበትና የሚፈላው መረቅ ሲፈስበት ሥጋው እዚያው ሳህኑ ውስጥ ይበስላል። አጠገቡ የማሾ ቡቃያ፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል፣ ሎሚና ቃሪያ በሰሃን ይመጣል። ይሄ ነው እንግዲህ "ሾርባ" የምንለው።

ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው፣ ወይም እናቱ ስትሠራ ያየ ሰው፣ እንዲህ ማለት የለበትም። ሽንኩርት ለሰዓታት ማቁላላት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ 12 ብልት አድርጎ ማውጣት፣ ይሄ ሁሉ ጉልበት ነው። እንጀራውም ሊጡ ለቀናት ተቦክቶ ነው ምጣድ ላይ የሚጋገረው። ደረቅ ፓስታ ግን በ10 ደቂቃ ይበስላል። ጥሩ ጣሊያናዊ ወጥ ቤት አይደክምም ማለቴ አይደለም፣ ይደክማል። የምለው የድካም ልዩነት ይሄን የዋጋ ልዩነት አያመጣውም ነው።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያመጣው? እኔ እንደሚገባኝ ዋጋው የሚተመነው በምግቡ ሳይሆን ምግቡ በመጣበት አገር ነው። ጃፓን ሀብታም አገር ናት፣ ስለዚህ ሱሺ ውድ ሲሆን ማንም አይገርመውም። ጣሊያኖች ራሳቸው ድሃ ስደተኛ ሆነው እዚህ አገር በመጡበት ዘመን ምግባቸው የድሃ ምግብ ነበር፣ ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ ተብለው ይናቁ ነበር። ልጆቻቸው ሲለወጡ፣ ኑሯቸው ሲደላደል ምግቡም አብሮ ተከበረ። ቪየትናሞች ደግሞ በ1975 የደቡብ ቪየትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በኮሚኒስቶች እጅ ስትወድቅና ከዚያም በኋላ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በጀልባና በስደተኛ ካምፕ አልፈው የመጡ ሰዎች ናቸው። የእኛም ሰዎች ደርግን ሸሽተው በሱዳን በኩል እንደመጡ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቃል። ብዙው አሜሪካዊ ኢትዮጵያን ያወቃት በ1984ቱ ረሃብ በቴሌቪዥን መስኮት ነው። ከተራበ አገር የመጣ ምግብ ውድ ሊሆን አይገባም የሚል ሐሳብ ጮክ ብሎ የሚናገረው ባይኖርም፣ ሰዉ ለመክፈል በሚፈቅደው ዋጋ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ።

ይሄ አስተሳሰብ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፎልስ ቸርች፣ ሰቨን ኮርነርስ ያለውን ኤደን ሴንተርን የማያውቅ የሰሜን ቨርጂኒያ ሐበሻ ብዙ ያለ አይመስለኝም። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላበት ከቤይሊስ ክሮስሮድስ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ100 በላይ ሱቅና ምግብ ቤት አለበት፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል የቪየትናሞች ነው። ስሙ የተወሰደው ሳይጎን ውስጥ ከነበረ ኤደን ከሚባል የገበያ ሕንፃ ነው። ግቢው ውስጥ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን ሦስት ቀይ መስመር ያለበት ቢጫው የደቡብ ቪየትናም ባንዲራ ይውለበለባል፤ አገሩ ከካርታ ላይ ከጠፋ 50 ዓመት አልፎታል፣ ባንዲራው ግን እዚያ አለ። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ባንዲራ ላይ ስንጣላ ለኖርን ለእኛ ደግሞ ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው፣ እሱን ግን ለሌላ ቀን።

ቪየትናሞቹ መጀመሪያ የሰፈሩት ግን እዚያ አልነበረም። አርሊንግተን፣ ክላረንደን ነበሩ። በ1970ዎቹ ሜትሮው (የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር) ሲቆፈር መንገዱ ተበጣጥሶ፣ ነጋዴው ሸሽቶ፣ ኪራይ ረክሶ ስለነበር ስደተኛው ገብቶ ሱቅ ከፈተ፣ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ሰፈሩ ትንሿ ሳይጎን ተባለ። የክላረንደን ጣቢያ በ1979 ሥራ ጀመረ። ሰፈሩ ሲያምር ኪራይ ናረ፣ ሰፈሩን ያነቃቁት ሰዎች ወጡ። ኤደን ሴንተር በ1984 የተከፈተው በዚህ መሃል ነው። አሁን ደግሞ ከተማው የኤደን ሴንተርን አካባቢ የሚያለማ እቅድ ሲያወጣ ነጋዴዎቹና ልጆቻቸው "ክላረንደን ላይ የሆነው እንዳይደገም" ብለው ስጋታቸውን አሰምተዋል። ስጋታቸው እውነት ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዲሲ ውስጥ ማማ ደስታ የምትባለው የሐበሻ ምግብ ቤት የተከፈተችው በ1978 ነው። ከዚያ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤት ሰፈር ሆነ። እዚያ ኪራይ ሲከብድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ተወረደ። እሱም ሲወደድ ብዙው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። የዲሲን ቻይናታውን ደግሞ ሂዱና እዩት። በ1986 የተሠራው ትልቁ በር እንደቆመ ነው። በ1997 ትልቁ የስፖርት አዳራሽ አጠገቡ ከተከፈተ በኋላ ቻይናውያኑ ቀስ በቀስ እየወጡ፣ ስማቸው በቻይንኛ ፊደል የተጻፈባቸው የቡናና የሃምበርገር ቤቶች ቀሩ። ጥሩ የቻይና ምግብ የፈለገ ሰው ሮክቪል ይሄዳል።

ኪራይን እኛ ተመጋቢዎቹ አናወርደውም። ግን ኪራዩ በጨመረ ቁጥር ጣሊያን ቤቱ ዋጋውን ጨምሮ ይቆያል፤ የቪየትናሙና የሐበሻው ቤት ግን ደንበኛው 2 ዶላር ሲጨመርበት ስለሚያኮርፍ ከራሱ ጉልበት ይቆርጣል። ከማን ጉልበት? ከሚስቱ፣ ከእናቱ፣ ከልጆቹ። ከምሳ በኋላ፣ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል ግቡና ተመልከቱ። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት አሮጊት የቅጠል ክምር ይዘው አንድ በአንድ እየለቀሙ ይቀነጥሳሉ። አጠገባቸው አንድ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ስልክ ሲደወል እሱ ነው አንስቶ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ የሚቀበለው። ይሄን ቪየትናሞች ቤትም የእኛ ሰዎች ቤትም አይቻለሁ። ርካሹ ሰሃን የሚወጣው ከዚያ ነው፣ ካልተከፈለ ሥራ ነው። ያ ልጅ ፋርማሲስት ወይም ኢንጂነር ሲሆን፣ ወላጆቹም ሲደሰቱ፣ ድስቱን የሚረከብ አይኖርም። ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ይዘጋል፣ የ30 ዓመት እጅ አብሮ ይጠፋል።

አስተናጋጆቹንም አንርሳ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛን ቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ቀሪው እስከ ዝቅተኛው ደመወዝ ድረስ በቲፕ ይሞላል ተብሎ ነው። እዚህ ከተማ ስንቶቻችን ነን በአስተናጋጅነት ኑሮ የጀመርነው? ያንን ያለፈ ሰው "እነሱ እኮ የቤተሰብ ቤት ነው፣ ቲፕ አይጠብቁም" ሲል መስማት ያማል።

ስለ ጾም ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም ጉልበት ምን እንደሆነ እዚያ ላይ በደንብ ይታያል። ቪየትናማውያን ቡድሂስቶች ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋም ዓሣም አይበሉም። "ቻይ" የሚሉት የጾም ምግብ አላቸው። በአንድ የሁዳዴ ዓርብ ገብቼ እየጾምኩ ነው፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ስላት አስተናጋጇ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም፣ ሜኑውን ገልብጣ የኋላውን ገጽ አሳየችኝ። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ በአትክልት ብቻ የተሠራ መረቅ። የዓሣ ሶስ አይግባበት ስላት (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣውም፣ እኔ አልበላም) ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣችና ይሄኛው የለበትም፣ ያኛው አለበት ብላ ለየችልኝ። ሕንዶች ቤትም ምስርና ሽምብራ ሞልቷል፣ ቂቤ እንዳይገባበት መጠየቅ ብቻ ነው። ወጥ ቤቱ ለእኛ ብሎ ለብቻ ድስት ይጥዳል፣ ለብቻ መጥበሻ ያጥባል። ይሄን ሁሉ አስደርገን ሂሳብ ሲመጣ ፊታችንን ማጨማደድ ነውር ነው።

"ገንዘብ የሌለውስ?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ሙሉ ቀን ኡበር ነድቶ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ጠብቆ፣ አገር ቤት ብር ልኮ ለሚኖር ሰው 17 ዶላር ብዙ ገንዘብ ነው። እሱን አልወቅስም። ኤደን ሴንተር ውስጥ በእጅ የሚያዝ ባን ሚ የሚባል ሳንድዊች አለ፣ ከፎ በጣም ያነሰ ዋጋ አለው፣ ያጠግባልም። እኔ የምናገረው ቅዳሜ ማታ ክለብ ገብቶ ለአንድ ጠርሙስ ዊስኪ መቶዎችን ከፍሎ፣ እሁድ ከሰዓት ፎ ላይ ለሚከራከረው ሰው ነው። የአቅም ጉዳይ አይደለም ያ፣ የንቀት ጉዳይ ነው። ንቀቱ ደግሞ እኛንም የሚመታ ነው፤ የቪየትናሟን ሴት ድካም ርካሽ ነው ብሎ የለመደ ሰው፣ ሠፈሩ ያለችው የእንጀራ ጋጋሪዋ 1 ዶላር ስትጨምርም መጮሁ አይቀርም። ሲጮህም ሰምቻለሁ።

ለሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል። ዋጋችሁን ስትጨምሩ ይቅርታ አትጠይቁ። "ቂቤ ስለተወደደ ነው፣ እንጀራ ስለጨመረ ነው" እያላችሁ በየጠረጴዛው አትዙሩ፣ ስቴክ ቤቱ እንዲህ አያደርግም። ክትፎው ትክክለኛ ዋጋው ስንት እንደሆነ አስሉና፣ የራሳችሁንና የሚስታችሁን ደመወዝ ጨምራችሁ አስሉና ሜኑው ላይ ጻፉት። የሚሄድ ይሄዳል። አናንዴል ያሉት ኮሪያውያን ሥጋ በጠረጴዛ ላይ የሚያስጠብሱበትን ዋጋ ሳይሸማቀቁ ጽፈዋል፣ ቤታቸውም ባዶ አይደለም። ኪምቺውን (በቅመም የቦካ ጎመን ነው) እና ትንንሾቹን ሰሃኖች ባለቀ ቁጥር በነፃ ይጨምሩልሃል፣ ግን ዋናውን ዋጋ አስልተውበታል።

ኤደን ሴንተር ሄዳችሁ የማታውቁ ካላችሁ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ነው። የምትጾሙ ከሆነ ቁጭ ከማለታችሁ በፊት የ"ቻይ" ሜኑ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለቲፕ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ከ20 በመቶ አታሳንሱት።