«ጉንፋን ብቻ ነበር የያዘው»

በውጭ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ከአገር ቤት በስልክ የደረሱኝን መርዶዎች መለስ ብዬ ሳስብ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል፦ «ምንም አላመመውም ነበር፤ ጉንፋን ብቻ ነበር የያዘው።» ተናጋሪው ይህን የሚለኝ ሞቱ ምን ያህል ድንገተኛ እንደነበረ ሊያስረዳኝ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ በዚያው መንገድ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ጉንፋኑ የሚጠቀሰው ሰውየው ጤነኛ እንደነበረ ለመመስከር ያህል ነበር። አሁን ግን ያን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር «ብቻ» የምትለዋ ቃል ላይ እቆማለሁ።

ምክንያቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ከካናዳዋ ኦንታሪዮ የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ጉንፋን ከምንላቸው ሕመሞች ከባዱ የሆነው ኢንፍሉዌንዛ እንደያዛቸው በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ ሰዎች መካከል፣ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በልብ ድንገተኛ ጥቃት፣ ማለትም ብዙዎቻችን ሀርት አታክ በምንለው ሕመም፣ ሆስፒታል የገቡትን መረመሩ። ከተገኙት 364 የሆስፒታል ቅበላዎች 20ዎቹ የተከሰቱት ከምርመራው በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ ነበር፤ ይህም ከቀሪው ጊዜ የሳምንት አማካይ ጋር ሲነጻጸር ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ከሰባተኛው ቀን በኋላ ግን ጭማሪው አልታየም። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሰው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር በመሆኑ፣ «አጫሽ ስለነበረ ነው» ወይም «ስኳር ስላለበት ነው» የሚለው የተለመደ መከራከሪያ ብዙ ቦታ አያገኝም፤ ሰውየው በታመመበት ሳምንትም ሆነ ባልታመመበት ሳምንት ያው አጫሽ ነውና። ነገሩ የኢንፍሉዌንዛ ብቻም አልነበረም፤ ሌሎቹ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶችም አደጋውን ሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ አድርገውት ታይተዋል። ኮሮናም በመጣ ጊዜ የስዊድን መዛግብት ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል።

ሳንባን የያዘ ሕመም እንዴት ልብ ዘንድ ይደርሳል? ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች በብዙ ሰው ዘንድ፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ በውስጠኛው ግድግዳቸው ላይ የስብ ክምችት ይይዛሉ። ክምችቱ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ሲነሣ የሚረጫቸው ኬሚካሎች ግን ጉሮሮና ሳንባ ላይ አይቆሙም፤ በደም ተሸክመው ወደ እነዚህ ቧንቧዎችም ይደርሳሉ፣ ሽፋኑንም ያሳሳሉ። በዚያው ሰዓት ደሙ ከወትሮው ይበልጥ ለመርጋት የተዘጋጀ ነው፤ ፕላትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎችም በቀላሉ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ሽፋኑ ቢቀደድ የሚረጋው ደም ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘጋው ይችላል። ሁለተኛም መንገድ አለ፤ እሱ መቀደድን እንኳ አይጠይቅም። ልብ የራሱን ድርሻ ደም በአብዛኛው የሚያገኘው በምት መካከል ዘና በሚልባት ጊዜ ሲሆን፣ ትኩሳት ምቱን ባፈጠነው መጠን ያቺ የማረፊያ ጊዜ ታጥራለች። ሥራው በዝቶበት፣ ምግቡ አንሶበት፣ ሳንባው በመታመሙም በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀንሶበት የሚሠራ ልብ፣ ቧንቧው አስቀድሞ የጠበበ ከሆነ ይጎዳል።

እዚህ ላይ ስድስት እጥፍ የሚለው ቁጥር ማንንም ያለ ልክ እንዳያስደነግጥ እፈልጋለሁ። የአንድ ጤነኛ ወጣት አደጋ ከመነሻው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በስድስት ቢባዛም ትንሽ ነው። ነገሩ የሚከብደው ዕድሜያቸው ለገፋ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የታወቀ የልብ ሕመም ላለባቸውና ለሚያጨሱ ነው።

ቋንቋችን ጉንፋን በሚለው አንድ ስም፣ አፍንጫን ለሁለት ቀን ከሚያፈሰው ቀላል ሕመም አንሥቶ ሰውን አልጋ ላይ እስከሚጥለው ኢንፍሉዌንዛ ድረስ ሁሉን ይጠራል። አገር ቤት ደረቱን የጨመደደው ሰው «ብርድ ነው» ወይም «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ሲያድር፣ የጉንፋኑ መኖር ለግምቱ ምስክር ይሆንለታል፤ ሐኪም ዘንድ ሊያስሮጠው የሚገባው ነገር ቤት ያስቀምጠዋል። በምኖርበት አገር ለሁለቱ ሕመሞች ሁለት ስም አለ፤ ግን ያ የተሻለ ማስተዋል አላመጣም ብል አልዋሽም። እዚህ ሰው ትኩሳቱን በክኒን አፍኖ ሥራ ይገባል። ከሚውጣቸውም መካከል እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች ራሳቸው የልብ ጥቃትን አደጋ ከፍ የሚያደርጉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አፍንጫ ከፋች መድኃኒቶች ደግሞ የደም ግፊት ይጨምራሉ። አገር ቤት ያለው ሕመምተኛ ቢያንስ ተኝቶ ያርፋል፤ በዚህ በኩል የምንቀናው እኛ ነን።

በክትባቱ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። እዚህ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይቀርባል፤ እምቢ የሚለውም ሆነ የሚቀበለው ለሳንባው ወይም ከሥራ ላለመቅረት እንጂ ለልቡ ነው ብሎ አያስብም። አገር ቤት ደግሞ ክትባት በአብዛኛው ከሕፃናት ጋር ተያይዞ ስለሚታሰብ ለአዋቂ ማንሣቱ ራሱ ያስገርማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ፣ በአብዛኛው የልብ ጥቃት ደርሶባቸው ሆስፒታል የገቡ ከ2,500 በላይ ሕሙማንን በዕጣ የከፈለ ሙከራ፣ ክትባቱን ካገኙት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 2.9 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 4.9 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል።

በሁለቱም ዓለም የቆጠራው ነገር አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰዎችን እንደሚገድል ሲገምት የቆጠረው በመተንፈሻ አካል ሕመም የሞቱትን ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ በልብ በኩል የወሰዳቸው እዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ሐኪሙም ሆነ ቤተሰቡ «ልቡ ነው» ካለ በኋላ ያለፈው ሳምንት አይጠየቅም።

በቅርቡ የልብ ሕመም ያለባቸው አጎቴ ዘንድ ስደውል ድምፃቸው ተዘግቶ አገኘሁት። «ጉንፋን ብቻ ነው፣ አትጨነቅ» አሉኝ። ስንተኛ ቀንዎ ነው ብዬ ስጠይቃቸው ገርሟቸው ሳቁና «ሦስተኛ» አሉ። ቀጥዬ ስለሚወስዱት መድኃኒት ጠየቅኋቸው፤ ከጉንፋኑ ክኒን ጋር እንዳይጋጭባቸው ሰግተው የልባቸውን መድኃኒት ካቋረጡ ሦስት ቀን እንደሆናቸው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።