ኤፍአይቪ ያለበት ድመት፦ እንውሰደው ወይስ እንተወው?

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ድመት ሊወስድ ወደ እንስሳት መጠለያ ሄደ። ልጆቹ አንድ ጉንጨ ትልቅ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ ሰው ሲያይ ተንከባሎ ሆዱን የሚሰጥ ወንድ ድመት ወደዱ። ካርዱ ላይ ግን «ኤፍአይቪ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፏል። ኤፍአይቪ የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም ቀስ በቀስ የሚያዳክም ቫይረስ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጤነኛ ሴት ድመት አለቻቸው። ምን እናድርግ ብለው ጠየቁ፤ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራከሩበት። ደጋፊዋ በመጠለያ በበጎ ፈቃድ ታገለግላለች። ተቃዋሚው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆኖ የሠራ ነው።

ደጋፊ፦ እኔ ውሰዱት ነው የምለው። መጀመሪያ ፍርሃቱን እናስወግድ። ይህ ቫይረስ ሰውን አይዝም። ውሻንም አይዝም። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ ፔታሉማ የምትባል ከተማ ውስጥ ብዙ ድመት ባለበት አንድ ቤት ድመቶች ሲታመሙና ሲሞቱ ነው፤ ያገኙት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ኒልስ ፒደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ ናቸው። ከኤችአይቪ ጋር ዝምድና አለው፣ ያ እውነት ነው። ግን ልጆቹ ቢያቅፉት፣ ቢልሳቸው፣ ቢቧጭራቸውም እንኳ ኤፍአይቪ አይይዛቸውም።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምለው ምክንያት አለኝ። እኛ አገር ኤችአይቪ ያለበት ሰው የበላበት ሳህን ተለይቶ የተቀመጠበት፣ አከራይ ዕቃውን ደጅ ያወጣበት ጊዜ ነበር። ያ ሁሉ በደል የደረሰው ሕዝቡ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ በደንብ ስላላወቀ ነው። ዛሬም አንዲት እናት ካርዱን አንብባ የልጇን እጅ ስትጎትት ሳይ ያው ፍርሃት ይታየኛል።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ሰውንና ድመትን አናነካካ። በዚያ ዘመን ወላጁን የቀበረ ሰው ይህን ሲያነብ ቅር ይለዋል። ደግሞ ሰው ይያዛል ያለ የለም። እኔን ያሳሰበኝ ቤት ያለችው ድመት ናት። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ጤነኛ ናት፣ ቤቱ የእሷ ነው። አሁን ዕድሜውን ደጅ ሲደባደብ የኖረ ወንድ አምጥተን አብረሽ ኑሪ ልንላት ነው። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በንክሻ ነው፤ ጥርሱ ጠልቆ ሲገባ ምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስ አብሮ ይገባል። የማይተዋወቁ ሁለት ድመቶች ደግሞ አንድ ቤት ሲገቡ መጣላታቸው አይቀርም።

ደጋፊ፦ መጣላት ሁሉ ንክሻ አይደለም። ፀጉር ማቆም፣ ጥርስ ማሳየት፣ መዳፍ መሰንዘር ድመት ሁሉ የሚያደርገው ነው። ችግሩ ጥልቅ ንክሻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ካልተኮላሹ ወንዶች፣ ደጅ፣ በሴትና በግዛት ጠብ ነው። ይህ ድመት ተኮላሽቷል። በአንድ ሳህን ቢበሉ፣ የሚጸዳዱበት አሸዋ አንድ ቢሆን፣ ቢላላሱ አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ብዙ አይቆይም፤ ተራ ሳሙና ይገድለዋል። በ2014 የታተመ ጥናት ሁለት መጠለያዎች ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸውና የሌለባቸው ድመቶች አብረው ሲኖሩ ተከታትሏል። ከጤነኞቹ አንድም አልተያዘም።

አገባቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እሱን አልክድም። መጀመሪያ ለብቻው ክፍል ይግባ፣ የራሱ ሳህን፣ የራሱ አሸዋ ይኑረው። የተኛበትን ጨርቅ ለእሷ፣ የእሷን ለእሱ መስጠት ነው፣ ሽታ ይለማመዱ። ቀጥሎ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ ምግብ ማቅረብ። ሁለቱም ተረጋግተው መብላት ሲጀምሩ በሩ ትንሽ ገርበብ ይላል። ሳምንታት ይፈጃል። የሚቸኩል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ተቃዋሚ፦ ጥናት ካነሳን እኔም አንድ አለኝ። ብሪታንያ ውስጥ 26 ድመት የነበሩበትን ቤት ተመራማሪዎች ለ10 ዓመት ተከታትለው ነበር፤ መጀመሪያ ቫይረሱ ያልነበረባቸው ድመቶች በኋላ ተይዘው ተገኝተዋል። ትንሽ አደጋ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። አንዴ ከያዛት ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም፣ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ክትባት ነበረ፣ በ2002 አሜሪካ ውስጥ ሽያጭ ላይ ወጣ፣ አሁን እዚህ አገር አይሸጥም።

ስለ ንክሻ ብቻ እናውራ ብትዪ እንኳ ገና አልጨረስኩም። አፉን አይተሻል? ኤፍአይቪ ያለበት ድመት ድዱ ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ክሊኒክ ስሠራ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነበር። ድመቱ ርቦት ሮጦ ወደ ሳህኑ ይመጣል። አንዴ ይጎርሳል። ወዲያው ይጮኽና በመዳፉ አፉን እየጠረገ አልጋ ሥር ይገባል። ምግቡን የሚፈራው ስላመመው ነው። ድዱ ደም መስሎ ቀልቷል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ አፉ ከሩቅ ይሸታል። ሐኪሙ የመጨረሻው መፍትሔ ጥርሶቹን በሙሉ ወይም አብዛኞቹን መንቀል ነው ይላል። እዚህ አገር ከ1000 ዶላር በላይ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ብዙ እጥፍ። ኢንሹራንስ እንዳትዪኝ። የእንስሳት ኢንሹራንስ በአብዛኛው ከመግባትሽ በፊት የታወቀን በሽታ አይሸፍንም፤ እዚህ ደግሞ በሽታው ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ደጋፊ፦ የድድ በሽታው ቫይረሱ የሌለባቸውንም ድመቶች ይይዛል፤ ኤፍአይቪ ያለበት ሁሉም አይታመምበትም። ጥርሱ የተነቀለ ድመት ደግሞ ቁስሉ ሲድን ያለ ሕመም ይበላል፣ ብዙዎቹ ደረቅ ምግብ ሁሉ ይበላሉ። ወጪውን በተመለከተ ግን ትክክል ነህ፤ ቤተሰቡ ከመፈረሙ በፊት ማወቅ አለበት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ለእኔ ዋናው ነጥብ እሱ ነውና። በ2015 የታተመ ጥናት ቫይረሱ ያለባቸውን ሁለት የድመት ቡድኖች አነጻጽሯል። አንዱ ቡድን ቺካጎ፣ አንድ ወይም ሁለት ድመት ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩ 17 ድመቶች ናቸው። ሌላው ሜምፊስ፣ ከ60 በላይ ድመት በታጨቀበት አንድ ቤት የሚኖሩ 27 ናቸው። በ22 ወር ውስጥ ከሜምፊሶቹ 17 ሞቱ። ከቺካጎዎቹ የሞተው አንድ ብቻ ነው። ቫይረሱ ያው ቫይረስ ነው። መጨናነቅ፣ ጭንቀት፣ ከጎረቤት ድመት የሚመጣ ኢንፌክሽን ነው የለያቸው ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ጸጥ ያለ ቤት ሊሰጠው የሚችል ቤተሰብ ሲመጣ አትውሰዱት ብለን መጠለያ ውስጥ በሽቦ ጎጆው ብናስቀምጠው የትኛው ቡድን ውስጥ እያስገባነው ነው?

ተቃዋሚ፦ ያን ጥናት አውቀዋለሁ፤ እኔም የምከራከረው በእሱ ነው። ቤቱ ወሳኝ ከሆነ ቤቱን እንየው። የእኛ ሰው ቤት የቺካጎው ዓይነት ነው ወይ? አባት ሌሊት ይነዳል፣ እናት ቀን ትሠራለች። ቅዳሜ ዘመድ ይመጣል፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ይህ ድመት ደጅ የለመደ ነው። አንድ ቀን ሾልኮ ይወጣል፤ ከዚያ ወይ ይነክሳል ወይ ይነከሳል። በየሁለት ዓመቱ ኪራይ ሲጨምር ቤት እንቀይራለን። ድመት ደግሞ እንደ መልቀቅ የሚያስጨንቀው ነገር የለም።

የምግቡ ጉዳይም አለ። አገር ቤት በዓል ሲመጣ በግ ይታረድና ሳንባው ለድመት ይጣላል፣ ጥሬውን። እዚህም ክትፎ ሲሠራ እግር ሥር የምትዞር ድመት ቁራሽ ታገኛለች። ልማድ ነው፣ በፍቅር ነው የሚሰጠው። አቅሙ ለደከመ ድመት ግን ጥሬ ሥጋ አደገኛ ነው፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም በዚያ ይመጣል። በ2013 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ ከተመረመሩ 48 ድመቶች 41ዱ ለቶክሶፕላዝማ ተጋልጠው ተገኝተዋል። አያትን ማን ነው ጥሬ አትስጪው ብሎ የሚቆጣቸው?

ደጋፊ፦ አያት ይነገራቸዋል። ለልጅ ልጃቸው አለርጂ ሲባሉ ኦቾሎኒ ደብቀው አይሰጡም፣ እንዲሁ ነው። የበሰለ ሥጋ ይስጡት፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት፤ ሽንኩርት ለማንኛውም ድመት መርዝ ነው፣ ስለዚህ ወጥ የነካው ነገር አይቅመስ። ጥሬ ወተትም ይቅር።

ወንድሜ፣ እኛን ወገኖቹን ግን ዝቅ አድርገህ አትየን። በፈረቃ የሚሠራ ቤት እኮ አንድ ሰው ሁልጊዜ ቤት አለ ማለት ነው። ድመት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚውለው። ከቤት እንዳይወጣ መጠበቅ፣ በዓመት ሁለቴ ሐኪም ማሳየት፣ በየወሩ መመዘን፣ አፉን ከፍቶ ማየት፣ ምግብ ካቆመ ወይም ካተኮሰው ነገ ዛሬ ሳይሉ መውሰድ፤ ቁም ነገሩ ይሄው ነው። ክብደት መቀነስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው፣ ከፀጉሩ ሥር ስለሚደበቅ ግን በዓይን አያዩትም። ለዚህ ነው ሚዛን ግዙ የምለው። ድመቱን አቅፎ መመዘን፣ ከዚያ ለብቻ ተመዝኖ መቀነስ።

ምርመራውንም ይጠይቁ። የመጠለያው ፈጣን ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ድሮ የተከተበ ድመት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ከስድስት ወር በታች የሆነ ግልገልም ከእናቱ በወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ምክንያት ፖዘቲቭ ብሎ በኋላ ነጻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድጋሚ ተመርምሯል ወይ ብሎ መጠየቅ መብታቸው ነው። የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 መመሪያው በምርመራ ውጤት ብቻ ድመት መገደል የለበትም ብሏል። ብዙዎቹ እኮ ዓመታት ምንም ሳይታይባቸው ይኖራሉ።

ተቃዋሚ፦ ይገደል አላልኩም፣ አልልምም። እኔ የምቃወመው አሰጣጡን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች እየጮኹ «ምንም አይልም፣ እንደ ማንኛውም ድመት ነው» ብሎ ማስፈረም። እንደ ማንኛውም ድመት አይደለም። ወራት ቆይቶ አፉ ሲታመም፣ ሂሳቡ ሲመጣ ቤተሰቡ ይመልሰዋል። ያኔ ድመቱ ቤት ለምዶ፣ ሰው ለምዶ ነው ወደ መጠለያው ጎጆ የሚገባው። ክሊኒክ ውስጥ ይህን አይቼዋለሁ፤ የተመለሰ ድመት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አልበላም ይላል።

ቤቱ ውስጥ የኬሞቴራፒ ሕክምና ላይ ያለ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው።

ደጋፊ፦ ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ ነው፣ ኤፍአይቪ አይደለም። አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳው። ከድመት የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ዕንቁላል ሰው ለመያዝ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚፈልግ በየቀኑ ማጽዳት ራሱ ትልቅ መከላከያ ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ በዚህ እስማማለሁ።

ስለ አሰጣጡ የተናገርከውም ልክ ነው። ግን የመጠለያ ሠራተኛ ባግባቡ ካላስረዳ ሠራተኛው ይታረም እንጂ ድመቱ ለምን ይቀጣል? ብዙ መጠለያ መጀመሪያ በአደራ ወስዶ ማየት ይፈቅዳል። ቤተሰቡ እንደዚያ ይውሰደው። የራሳቸውን ድመት ቀድመው ያስመርምሯት፤ እሷም የማን ልጅ እንደሆነች አይታወቅም። ለብቻው ክፍል ያስቀምጡት። ጸባዩን ይዩ፤ ካየኋቸው እንደሱ ጉንጨ ትልቅ ወንዶች አብዛኞቹ ከተኮላሹ በኋላ ለምግብና ለሶፋ እንጂ ለጠብ ግድ የላቸውም። ከተናከሱ ይመልሱት፣ ማንም አይወቅሳቸውም።

ተቃዋሚ፦ «ከተናከሱ ይመልሱት» ያልሽው ላይ ነው የምንለያየው። ከተናከሱ እኮ አልፏል። ያቺ ድመት ከንክሻው በኋላ ቢያንስ 60 ቀን ጠብቃ ነው የምትመረመረው፣ ቤተሰቡም ያን ሁሉ ጊዜ ተሳቅቆ ይኖራል። ሌላ ድመት የሌለበት፣ ገንዘብ ያስቀመጠ፣ በሩን የሚጠብቅ ቤት ቢሆን ኖሮ ነገ ወስዳችሁ ግቡ እል ነበር። ለዚህ ቤተሰብ ግን መልሴ አይሆንም ነው። እሱን ለብቻው የሚያኖር ሰው እስኪገኝ ፎቶውን ያጋሩለት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ቢሆን፣ እድር ላይም ቢሆን ይናገሩለት።

ደጋፊ፦ ፎቶውን እኔም አጋራለሁ። እስከዚያ ግን ጎጆ ውስጥ የሚቆየው እሱ ነው፤ መቼ ሰው እንደሚመጣ አናውቅም። ቤተሰቡ ትርፍ ክፍል አላቸው፣ ልጆቹም ሚዛን እንገዛለን ብለዋል። እኔ በአደራ ውሰዱት፣ በሩን ዝጉና ጀምሩ እላቸዋለሁ።