ከናይሮቢ አዲስ አበባ፣ በኒውዮርክ በኩል

አሁን ከባንክ መውጣቴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ።

ደንበኛዬ ለሠራሁለት ሥራ የላከልኝ 240 ዶላር አልገባችም። ሦስት ሳምንቷ።

«ወንድሜ፣ ገንዘቡ ኒውዮርክ ነው የቆመው» አለችኝ የባንኳ ሠራተኛ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

«እህቴ፣ ደንበኛዬ እኮ ናይሮቢ ነው ያለው!»

«ቢሆንም ዶላር ስለሆነ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። እዚያ ያለው ባንክ የምን ሥራ እንደሆነ ጠይቋል።»

«ትርጉም ነው። የዶሮ መኖ ማሽን መመሪያ ተርጉሜ ነው።»

«የምን?» አለችና ጎኗ ያለችውን ጠርታ አስደገመችኝ። ሁለቱም ሳቁ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት አባባ ሳይቀሩ ሳቁ።

ናይሮቢ እኮ በሞያሌ አድርገህ በመኪና የምትገባባት ከተማ ናት! የኔ ገንዘብ ግን አትላንቲክን ተሻግሮ ተፈትሾ ይመለሳል። በ2022 ምዕራባውያን ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩሲያን ክምችት አገዱ፤ ዩክሬንን ስለወረረች። እሺ። እኔ ማንን ወረርኩ?

አንድ ዘመድ አለኝ፣ ብሪክስ የሚባለው የእነ ቻይናና ሩሲያ ማኅበር ከገባን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በየበዓሉ «ዲጂታል ገንዘብ መጥቷል፣ ዶላር አበቃለት» ይለኛል፣ የኔን ዶሮ ወጥ እየበላ። እውነት አለው። ቻይና፣ ሆንግ ኮንግ፣ ታይላንድና ኤምሬትስ ኤምብሪጅ በሚሉት መስመር፣ በራሳቸው ዲጂታል ገንዘብ፣ ኒውዮርክን ሳይረግጡ እርስ በርስ መክፈልን ሞክረዋል። ትራምፕም ብሪክስ ዶላርን ለመተካት ካሰበ 100 ፐርሰንት ታሪፍ ብሎ ዝቷል። የሚያስፈራ ነገር ባይኖር አይዝትም ነበር። ግን መስመሩ እኔ የቆምኩበት መስኮት ጋ አልደረሰም!

ደንበኛዬ ደግሞ «ዩኤስዲቲ ልላክልህ፣ በደቂቃ ይደርስሃል» አለኝ። ነፃ ወጣሁ ብዬ ልዘል ነበር። ለካ ዩኤስዲቲ የሚሉት ክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት የሚላከው ዲጂታል ገንዘብ፣ ዋጋው ያው አንዱ በአንድ ዶላር የታሰረ ነው። አውጪው ቴተር ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ፣ መንግሥቷ የሚበደርበትን ወረቀት ማለት ነው፣ ታቅፎ ተቀምጧል። ዶላርን ይጥላል የተባለው ለአሜሪካ አበዳሪ ሆኖ አረፈው። አሜሪካኖቹም ነቄ ናቸው፣ በ2025 ሕግ አወጡለት።

ደግሞ ልቀበል ብልስ? ብሔራዊ ባንካችን በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሏል። ቢትኮይን የሚባለውን ክሪፕቶ በኮምፒውተር ለሚያመርቱት ግን መብራት እንሸጣለን። በምን? በዶላር! የኛ ሰፈር መብራት ትናንት ማታም ጠፍቶ አመሸ። የዘይቱን ዋጋማ አታንሱብኝ። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ጨመረ ሲባል ባለሱቁ ቀድሞ ይሰማል። ቀነሰ ሲባል ጆሮው ይደፈናል።

እና መጨረሻው? «ኢንቮይስ በማኅተም ይዘህ ና።» እኔ ላፕቶፕ እንጂ ማኅተም ከየት አባቴ ላምጣ?

ደክሞኛል። ነገ ጠዋት 2፡30 እዚያው ነኝ። የምትፈልጉኝ ካላችሁ የዶሮ መኖው ልጅ ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥበቃው ራሱ ያሳያችኋል።