ቀስቷን ያቆዩልን

የቱሪዝም ተንታኞቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን። የምሬን ነው። በዚህ አገር ወደ ላይ የሚወጣ ነገርማ ሞልቷል፤ ጤፉም ዘይቱም ይወጣል። ሲወጣ የሚጨበጨብለት ግን በእነሱ ስላይድ ላይ ያለችው፣ የቱሪስት ቁጥር ያድጋል የምትለው የትንበያ ቀስት ብቻ ናት።

ሥራው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትንበያው የሚሳካበትን ዓመት መምረጥ ራሱ ጥበብ ነው። በጣም ከቀረበ ሰው ያስታውሰዋል፤ በጣም ከራቀ በጀት አይለቀቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአፍሪካ ቀዳሚ መዳረሻዎች ተርታ እንሰለፋለን ተብሎ አልነበር? 2020 ደረሰ። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ጦርነት ተነሳ፣ በዓመቱ ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። የእኛዎቹ 2020ን አጥፍተው 2030 ጻፉ፤ ቀስቷን ንክች አላደረጓትም። ወንድ ማለት ይኼ ነው!

ለነገሩ መፈክርም ቢሆን አላነሰንም። የአገሪቱ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው የሸጡትን አገር እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» አልነው። መፈክር ሲታደስ ትንበያም አብሮ ይታደሳል፣ አዲስ ባነርም ይታተማል።

የሚያሳዝነኝ የላሊበላ አስጎብኚ ነው። አርቆ ማሰብ አልፈጠረበትም። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ጣሊያንኛው እንዳይጠፋበት ለብቻው እያጉተመተመ፣ «እንግዳ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል። ባለሙያው «በመካከለኛ ዘመን» ብሎ በትሕትና ሲያስረዳው እሱ የወሩን የቤት ኪራይ ያነሳበታል። በቅሎ አከራዩም ያው ነው፤ በቅሎዋ ደግሞ ከሁለቱም ትብሳለች፣ ፍኖተ ካርታው እስኪጸድቅ እንኳ ድርቆሽ መብላቷን አላቆመችም።

አንዳንድ ነገረኛ ደግሞ በጥያቄ ሰዓት እጁን ያወጣና «ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ወደዚያ አትሂዱ እያሉ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ እየተዘጋ፣ ቱሪስቱ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ይላል። መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። «ገጽታ ግንባታ ላይ ከባለድርሻ አካላት ጋር በትኩረት እንሠራለን።» ጭብጨባ። ከዚያ የሻይ ሰዓት።

ደግሞስ ቱሪስት የለም ያለው ማነው? ከከተማ ወጥቶ ሆቴል የሚያድረው፣ ቡፌው ላይ ሁለቴ የሚነሳው፣ ሐይቁን ተደግፎ ፎቶ የሚነሳው፣ አበሉን ፈርሞ ለልጆቹ የአገር ልብስ ገዝቶ የሚመለሰው ማን ሆነና! የኮንፈረንስ ቱሪዝም ይሉታል፤ ትንበያው ያለ አንዳች ስሕተት የሠራው እዚህ ላይ ነው። ለ2030 እቅድ የአፈጻጸም ግምገማም ቢሾፍቱ ላይ ክፍል ተይዟል አሉ፤ ሐይቁ የሚታይበት ፎቅ አልቋል።