ማስተካከያ፦ የአቢሲኒያ ባንክ ኖቶች የመንግሥት አልነበሩም

ስለ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የወረቀት ገንዘብ ባቀረብነው ጽሑፍ «ያወጣው የመንግሥት ባንክ ነው» ማለታችን ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። በ1915 እ.ኤ.አ. ኖቶቹን ያወጣው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የነበረ የአክሲዮን ኩባንያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1905 እ.ኤ.አ. ውል የ50 ዓመት ፈቃድና ኖት የማውጣት ብቸኛ መብት ሰጥተውታል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኖቱ ባንኩ ለአምጪው ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) እንደሚከፍል የገባው ቃል ነበር፤ ካዝናው ውስጥ በቂ ጠገራ ከሌለ ቃሉ ይፈርሳል። ገበያተኛው ጠገራውን መምረጡ አያስገርምም፤ የያዘው ራሱ የብር ማዕድን ነውና። ሸክሙ ግን ከባድ ነው፦ አንዱ ማሪያ ቴሬዛ 28 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 500ው 14 ኪሎ ይሆናል፤ የ500ው ኖት ኪስ ይገባል።

መንግሥት አብዛኛውን ድርሻ የያዘው በ1931 እ.ኤ.አ. የአቢሲኒያ ባንክን በተካው የኢትዮጵያ ባንክ ነው።